ከትሮምሶ ሎንግየርቢየን ስንት ሰዓት ነው? የሰሜን ጫፍ በረራዎችን በማስመሪያና በኮምፓስ ማስላት

ፉሪ ለሚኖር ሰው አውሮፕላን ብርቅ አይደለም። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲሆን ወደ ቦሌ የሚያርፉት በጀሞና በእኛ በኩል ጎማቸውን ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። የየቤቱ ልጅ ማለት ይቻላል አረብ አገር ወይም አውሮፓ ስላለ፣ "ስንት ሰዓት ይፈጃል?" የሚለው ጥያቄ በሰፈራችን የዘወትር ነው። የሂሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ብዙውን ጊዜ ዞሮ ዞሮ እኔ ደጅ ይመጣል።

ሰሞኑን የመጣው ግን ለየት ያለ ነበር። ልጃቸው ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ በምትባል ከተማ የምትማር ጎረቤቴ ስልካቸውን ይዘው መጡ። "መምህር፣ ልጄ ለትምህርት ስቫልባርድ ወደሚባል ደሴት ልትሄድ ነው። ካርታውን እዩልኝ እስቲ፤ ከዚህ ካይሮ ካለው ይበልጣል፣ መሃሉም ባሕር ብቻ ነው። ስንት ሰዓት ነው ባሕር ላይ የምትቆየው?"

መልሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከትሮምሶ እስከ ስቫልባርድ ዋና ከተማ እስከ ሎንግየርቢየን በአየር 958 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በረራውም 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ከቦሌ ካርቱም ካለው ርቀት ትንሽ ያንሳል ማለት ነው፤ የካርቱሙ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና። ይህን ለጎረቤቴ ነግሬ ማሰናበት ይቻለኝ ነበር። ሆኖም ቁጥር ብቻውን ሰውን አያሳርፍም። ልጁ ሩቅ አገር ያለበት ሰው ርቀቱን በገዛ እጁ ለክቶ ሲያየው የሚያገኘው መረጋጋት ሌላ ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለን ሠራነው፤ አሥረኛ ክፍል የሚማረው ታናሽ ወንድሟም ማስመሪያውን ያዘ። የሠራነውን እንዳለ እጽፍላችኋለሁ፤ ከአርክቲክ አካባቢ ለየትኛውም ሁለት አውሮፕላን ማረፊያ ይሠራል።

መጀመሪያ ካርታውን ከዓይናችሁ አርቁት

ብዙዎቹ የስልክ ካርታዎች የሚከተሉት ጌራርዱስ መርካቶር በ1569 ለመርከበኞች ያዘጋጀውን ዘዴ ነው። ለመርከብ ጥሩ ነበር፤ አቅጣጫ አያዛባም። መጠንን ግን ክፉኛ ያዛባል፤ በተለይ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ጫፍ።

ምክንያቱ ይህ ነው። የኬንትሮስ መስመሮች (ከሰሜን ዋልታ ወደ ደቡብ ዋልታ የሚወርዱት) በምድር ወገብ ላይ ተራርቀው ይጀምሩና እየተጠጋጉ ሄደው ዋልታው ላይ አንድ ነጥብ ይሆናሉ። አዲስ አበባ ላይ ሆናችሁ አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ብትሄዱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛላችሁ። ሎንግየርቢየን ላይ ሆናችሁ ያንኑ አንድ ዲግሪ ብትሄዱ 23 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። መርካቶር ግን መስመሮቹን ከታች እስከ ላይ እኩል አራርቆ አቆማቸው። ቅርጽ እንዳይጣመም ደግሞ ወደ ጎን በለጠጠው ልክ ወደ ላይም ለጠጠው። ትሮምሶ ላይ መለጠጡ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ሎንግየርቢየን ላይ አምስት እጥፍ ይደርሳል። ግሪንላንድ አፍሪካን አክላ የምትታየውም ለዚህ ነው፤ አፍሪካ ግን 14 እጥፍ ትበልጣታለች።

ስለዚህ የጎረቤቴ ዓይን አልተሳሳተም። በዚያ ካርታ ላይ በትሮምሶና በሎንግየርቢየን መካከል ያለው ክፍተት ከአዲስ አበባ እስከ ካይሮ ካለው በእርግጥ ይበልጣል። መሬት ላይ ግን የካይሮው 2,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያሳሳታቸው ካርታው ነው።

ስልኩ ራሱ በሁለት ነጥቦች መካከል ርቀት የሚለካበት መሣሪያ አለው፤ ትክክለኛውን ይሰጣል። ኔትወርክ ሲኖር ተጠቀሙበትና ሥራችሁን አረጋግጡበት። እኔ የማሳያችሁ ኔትወርክ በሌለበትም የሚሠራውንና ምክንያቱን የሚገልጠውን መንገድ ነው።

የቦታዎቹን ቁጥር መያዝ

ለእያንዳንዱ ማረፊያ ሁለት ቁጥር ያስፈልጋችኋል፦ ኬክሮስ (ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ስንት ዲግሪ እንደሆነ) እና ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ስንት ዲግሪ እንደሆነ)። በስልክ ካርታ ላይ ማኮብኮቢያውን ፈልጋችሁ ጣታችሁን ለጥቂት ጊዜ ስታቆዩበት ሁለቱም ቁጥሮች ይወጣሉ። የከተማውን ስም ሳይሆን ማኮብኮቢያውን ንኩ። በነዚህ ቦታዎች ልዩነቱ ጥቂት ኪሎ ሜትር ቢሆንም፣ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ቦታዎች ስላሉ ማኮብኮቢያውን በዓይን ማየት ከስህተት ያድናል።

ቁጥሩ በዲግሪና በደቂቃ ከተጻፈ ደቂቃውን ለ60 አካፍሉ። ትሮምሶ 69 ዲግሪ ከ41 ደቂቃ ሰሜን ነው፤ 41 ሲካፈል ለ60 ወደ 0.68 ስለሚሆን 69.68 ብላችሁ ትይዛላችሁ። ተማሪዎቼ በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ 69.41 ብለው ይጽፉታል። 30 ኪሎ ሜትር የሚያህል ስህተት ከዚህ ብቻ ይመጣል።

የእኛዎቹ ሁለት ማረፊያዎች እንዲህ ናቸው፦

ትሮምሶ፦ 69.68 ሰሜን፣ 18.92 ምሥራቅ።
ሎንግየርቢየን፦ 78.25 ሰሜን፣ 15.47 ምሥራቅ።

ዋልታውን መሃል ላይ አድርጉት

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ለሰሜን ጫፍ ርቀት ከምድር ወገብ መነሳት አያስፈልግም። ከዋልታው ተነሱ።

የአንድ ቦታ ኬክሮስ ከ90 ሲቀነስ ከዋልታው ስንት ዲግሪ እንደሚርቅ ይነግራችኋል። ትሮምሶ 20.32 ዲግሪ፣ ሎንግየርቢየን 11.75 ዲግሪ ከዋልታው ይርቃሉ። የኬንትሮሳቸው ልዩነት ደግሞ ዋልታው ላይ ቆሞ ሁለቱን የሚያይ ሰው በመካከላቸው የሚያገኘው ማዕዘን ነው፤ 18.92 ሲቀነስ 15.47፣ 3.45 ዲግሪ። ሁለት ርዝመትና በመሃላቸው ያለ ማዕዘን ከታወቀ ደግሞ ሦስት ማዕዘኑ ተገኘ ማለት ነው። ይህን የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል።

እኛ የወሰድነው የአምና ካሌንደር አንድ ቅጠል ነበር፤ ጀርባው ነጭና ሰፊ ነው። የደብተር ወረቀት ትንሽ ይጠባል። አንድ ሴንቲ ሜትር ለአንድ ዲግሪ እንዲቆም ወሰንን። ከላይ በኩል ነጥብ አድርገን "ዋልታ" ብለን ጻፍን። ከነጥቡ ወደ ታች ቀጥ ያለ መስመር አሰመርንና 20.3 ሴንቲ ሜትር ላይ ትሮምሶን አስቀመጥን። ፕሮትራክተሩን ዋልታው ላይ አድርገን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ከፍተን ሁለተኛውን መስመር አወጣን፤ በሱ ላይ ኮምፓሱን 11.75 ሴንቲ ሜትር ከፍተን ሎንግየርቢየንን ምልክት አደረግን። ከዚያ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ማስመሪያ። 8.6 ሴንቲ ሜትር ወጣ፣ ማለትም 8.6 ዲግሪ።

ዲግሪን ወደ ኪሎ ሜትር ለመለወጥ በቃል መሸምደድ አያስፈልግም። በ1790ዎቹ ፈረንሳውያን ሜትርን ሲፈጥሩ ከምድር ወገብ እስከ ዋልታ ያለውን ርቀት 10,000 ኪሎ ሜትር እንዲሆን አድርገው ነው ያሰቡት። ያ ርቀት 90 ዲግሪ ነው። 10,000 ለ90 ሲካፈል 111.1 ይሆናል። እንግዲህ 8.6 ጊዜ 111.1፣ 955 ኪሎ ሜትር። የምድርን ክብነት በሚቆጥረው በሉል ስሌት በጥንቃቄ ሲሠራ 958 ይወጣል። በካሌንደር ጀርባ፣ በተማሪ ማስመሪያ፣ 3 ኪሎ ሜትር ብቻ ሳትን። ማስመሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር 11 ኪሎ ሜትር እንደሆነ አስታውሱ፤ ከዚያ በላይ መጠበብ አያስፈልግም።

ፓይለቶች በኪሎ ሜትር ሳይሆን በባሕር ማይል ነው የሚያሰሉት። አንድ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ የአንድ ዲግሪ ስልሳኛ ነው። ስለዚህ 8.61 ዲግሪን በ60 ብታባዙ 517 የባሕር ማይል ታገኛላችሁ።

የሦስት ዲግሪ ተኩል ማዕዘን በፕሮትራክተር ማስተካከል ያስቸግራል ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱ ቦታዎች ከሞላ ጎደል አንዱ በሌላው ላይ ወደ ሰሜን የተሰለፉ ናቸው፤ ማዕዘኑን ግማሽ ዲግሪ ብትስቱት እንኳ ርቀቱን የሚለውጠው ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው።

ዘዴው የሚያበራበት ቦታ

የትሮምሶው መንገድ ቀላል ነው፤ ወደ ሰሜን ቀጥ ማለት ነው። የዋልታ ሥዕሉ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የሚታየው ማረፊያዎቹ ጎን ለጎን ተራርቀው ሲሆኑ ነው። ስለዚህ ልጁን አንድ ተጨማሪ ጥያቄ ሰጠሁት፦ ከሎንግየርቢየን እስከ ሬዞሉት። ሬዞሉት በካናዳ ሰሜናዊ ግዛት በኑናቩት የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት፤ ማረፊያዋ 74.72 ሰሜን፣ 94.97 ምዕራብ ላይ ነው። በዚህ መስመር ላይ መደበኛ የመንገደኛ በረራ የለም። ለትምህርቱ ብዬ ነው የመረጥኩት።

አንደኛው ምሥራቅ፣ ሌላኛው ምዕራብ ሲሆን ኬንትሮሶቹ ይደመራሉ እንጂ አይቀነሱም። 15.47 ሲደመር 94.97፣ 110.44 ዲግሪ። ከዋልታው ያላቸው ርቀት 11.75 እና 15.28። ልጁ የስልኩን ካርታ አየና "ቲቸር፣ ይሄማ የዓለም ግማሽ ነው" አለኝ። ሥዕሉን ሲጨርስ 22.3 ሴንቲ ሜትር ለካ። በ111.1 ሲባዛ 2,478 ኪሎ ሜትር። ትክክለኛው የሉል ስሌት 2,472 ነው።

እዚህ ላይ እናትየው ቀና አሉ፤ ከዚህ ካይሮ የሚሆነው ይህ ነው። ከሁለት የተለያዩ አህጉራት ጫፍ፣ ካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚመስለው መንገድ፣ ከቦሌ ካይሮ ካለው ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ሥዕሉ ሌላም ነገር ያሳያል። ያሰመራችሁት ቀጥታ መስመር ከሁለቱም ማረፊያዎች ይልቅ ወደ ዋልታው ተጠግቶ ያልፋል፤ ከ82 ዲግሪ በላይ ወጥቶ የግሪንላንድን ሰሜናዊ ጫፍ ያቋርጣል። በስልክ ካርታ ላይ ቢሣል ወደ ላይ የተለጠጠ ትልቅ ቀስት ይሆናል፤ ሰውም "ለምን ይዞራል?" ይላል። አይዞርም፤ ቀጥተኛው እሱ ነው። ከእስያ ወደ አሜሪካ የሚበሩ አውሮፕላኖች በሰሜን በኩል የሚያልፉበትም ምክንያት ይኸው ነው።

መሣል የማይወድ ሰው በስልክ ካልኩሌተር የኮሳይንን ሕግ ይጠቀም፦ የመጀመሪያው ርዝመት ስኩዌር፣ ሲደመር የሁለተኛው ስኩዌር፣ ሲቀነስ የሁለቱ ብዜት እጥፍ በማዕዘኑ ኮሳይን ተባዝቶ፤ ከዚያ ስኩዌር ሩት። በብዙ ስልኮች ላይ ኮሳይን የሚወጣው ስልኩን ጋደም ስታደርጉት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የ60ን ኮሳይን ጠይቁት፤ 0.5 ካላለ ራዲያን ላይ ስለሆነ ወደ ዲግሪ መልሱት። ማዕዘኑ ከ90 ሲበልጥ ኮሳይኑ ከዜሮ በታች እንደሚሆንም አትርሱ፤ ያኔ መቀነሱ መደመር ይሆናል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ለምንድን ነው? ብርቱካን ወስዳችሁ ከአናቱ ትንሽ ክዳን ብትቆርጡና ቅርፊቱን ብትጫኑት ሳይቀደድ ይተኛል። እስከ ወገቡ ከቆረጣችሁ ግን ስትጫኑት ይተረተራል። የምድርም አናት እንዲሁ ነው፤ ዋልታው አካባቢ ያለው ትንሽ ክዳን ከሞላ ጎደል ጠፍጣፋ ነው። ሁለቱም ማረፊያዎች ከ70 ዲግሪ በላይ ከሆኑ ስህተቱ ቢበዛ 2 በመቶ ነው፤ 60 ላይ ሲደርስ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። በማስመሪያ ንባብና ቁጥርን በማጠጋጋት ከሚመጣው ጥቂት ኪሎ ሜትር ውጭ፣ የዘዴው ስህተት ሁልጊዜ ወደ ማብዛት ነው። ለአገር ቤት ግን እንዳትሞክሩት። ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ 340 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የአየር ርቀት ወደ 480 ያደርሰዋል።

ርቀትን ወደ ሰዓት መለወጥ

ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ብዙ ጊዜ ከርቀቱ ሥር "የበረራ ጊዜ" ብለው አንድ ቁጥር ያስቀምጣሉ። አንዳንዶቹ የሚያደርጉት ርቀቱን በአንድ ፍጥነት ማካፈል ብቻ ነው። በዚያ ስሌት ትሮምሶ ሎንግየርቢየን 1 ሰዓት ከ10 ደቂቃ አካባቢ ይሆናል። ልጅ ስትጠብቅ ለተቀመጠች እናት ያ የጎደለው ግማሽ ሰዓት ቀላል አይደለም።

የእኛ ሰፈር ልጆች ይህን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። በላያችን የሚያልፈው አውሮፕላን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር አይበርም። ሊያርፍ ሲል ፍጥነቱ ከ300 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ከመነሳቱ በፊት ማኮብኮቢያው ጫፍ ድረስ በመሬት ላይ ይሄዳል፤ ከፍታው ላይ እስኪደርስ ይወጣል፤ ከመድረሱ በፊት ፍጥነቱን እየቀነሰ ይወርዳል፤ ካረፈ በኋላም እስከሚቆምበት ድረስ ይሄዳል። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከቆመበት ከተነቃነቀበት እስከሚቆምበት ነው።

እኔ የምጠቀምበት ደንብ አጭር ነው። ለጄት ርቀቱን ለ800 አካፍሉና 30 ደቂቃ ጨምሩ። ለትሮምሶ ሎንግየርቢየን 958 ለ800 ሲካፈል 1.2 ሰዓት፣ ማለትም 72 ደቂቃ። 30 ሲጨመር 1 ሰዓት ከ42 ደቂቃ። መስመሩ ላይ የሚበሩት እንደ ቦይንግ 737 ያሉ ጄቶች ናቸው፤ ትኬት ላይ የሚታየውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ደንቡን በምታውቁት መንገድ ፈትኑት። ከቦሌ ላሊበላ 334 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መስመሩን የሚሠራው ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 በሰዓት 600 ይበራል ብላችሁ ብትይዙ 33 ደቂቃ፤ 30 ሲጨመር አንድ ሰዓት ያህል። ላሊበላን የተሳለመ ሰው ያረጋግጥላችኋል።

አውሮፕላኑን ሳታውቁ ሰዓት አትናገሩ። በሰሜን ብዙ መንደሮች ማኮብኮቢያ አጭር ነው፤ ሰሜን ኖርዌይ ውስጥ 800 ሜትር ገደማ የሆኑ አሉ፤ ጄት አያስተናግዱም። እዚያ የሚበሩት ባለ ፕሮፔለሮች ናቸው፤ እንደ ዓይነታቸው በሰዓት ከ450 እስከ 600 ያዙላቸው። የሎንግየርቢየኑ ግን በ1975 የተከፈተ፣ ወደ 2,500 ሜትር የሚጠጋ ማኮብኮቢያ ያለው፣ ዓመቱን ሙሉ በማይቀልጥ በረዷማ አፈር ላይ የተሠራ ማረፊያ ነው። መደበኛ የመንገደኛ በረራ ካላቸው የዓለም ማረፊያዎች ሁሉ ሰሜናዊው እሱ ነው።

ነፋስን በተመለከተ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ከፊት ቢገጥም ከ800ው 80 ቀንሱ፤ 958 ለ720 ሲካፈል 80 ደቂቃ ይሆናል። 8 ደቂቃ ተጨመረ ማለት ነው። ከኋላ ቢገፋ ደግሞ 7 ደቂቃ ያህል ይቀንሳል። በአጭር መንገድ ላይ ነፋስ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ ሰዓት ማንበብ

እናትየው ከሁሉ በላይ የፈለጉት ይህን ነበር፤ ልጃቸው ስትነሳና ስትደርስ እዚህ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ማወቅ። ሰው የሚደናገረው ሁለት ጊዜ ስለሚያሰላ ነው፤ አንዴ የኖርዌይን ወደ አዲስ አበባ፣ አንዴ የፈረንጁን ወደ ሐበሻው። በአንድ ጊዜ ጨርሱት።

በክረምታቸው አዲስ አበባ ኖርዌይን በ2 ሰዓት ትቀድማለች፤ የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ 6 ሰዓት ይቀንሳል። ስለዚህ ትኬቱ ላይ ካለው 4 ቀንሱ፤ አለቀ። 12:30 ትነሳለች ቢል እዚህ ስምንት ሰዓት ተኩል ነው። 14:10 ትደርሳለች ቢል አሥር ሰዓት ከአሥር። በበጋቸው ሰዓታቸውን ወደ ፊት ስለሚገፉ የምትቀንሱት 5 ይሆናል፤ ይህም ከማርች የመጨረሻ እሁድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ድረስ ነው። የትኬቱ ቁጥር ከምትቀንሱት ካነሰ መጀመሪያ 12 ጨምሩበት፤ ከቀነሳችሁ በኋላ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 አውጡለት።

ስቫልባርድና ዋናው ኖርዌይ ሰዓታቸው አንድ ነው፤ ስለዚህ በመነሻና በመድረሻ መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የበረራው ጊዜ ነው። በሌሎች የሰሜን መስመሮች ይህ አይሠራም፤ በተለይ በሰሜን ካናዳ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወይም ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ስትበሩ የሰዓት ቀጣና ይለወጣል። በርቀት ያገኛችሁት ሰዓትና ትኬቱ በሙሉ ሰዓት ከተለያዩ ሂሳባችሁን ከመጠራጠራችሁ በፊት ቀጣናውን እዩ።

ከርቀቱ ውጭ ያለው

ስቫልባርድ በ1920 በተፈረመው ውል መሠረት የኖርዌይ ግዛት ቢሆንም ከሼንገን ክልል (በአንድ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች ክልል) ውጭ ነው። ስለዚህ ከትሮምሶ ሲነሱ የፓስፖርት ቁጥጥር አለ፤ የአገር ውስጥ በረራ ነው ብሎ ፓስፖርት ቤት መተው አይቻልም። በሼንገን ቪዛ ኖርዌይ የገባ ኢትዮጵያዊ ወደ ስቫልባርድ ሄዶ ሊመለስ ከሆነ ቪዛው ሁለት ጊዜ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ተመልሶ መግባት አይችልም። የጎረቤቴ ልጅ የኖርዌይ መኖሪያ ፈቃድ ስላላት ፓስፖርቷንና ካርዷን መያዝ ይበቃታል።

ጨለማውም ያስፈራል። ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ሎንግየርቢየን ላይ ፀሐይ አትወጣም። አውሮፕላኑ ግን በመሣሪያ ነው የሚያርፈው፤ ቦሌም በየሌሊቱ ስንቱ ያርፋል። የሚያስቸግረው ጭጋግና ነፋስ ነው። በአቅራቢያ ትልቅ ማረፊያ ስለሌለ፣ ማረፍ ካልተቻለ ወደ ዋናው ኖርዌይ ይመለሳሉ፤ ለዚያ የሚበቃ ነዳጅ ይዘው ነው የሚነሱት። ስለዚህ ልጅ በሰዓቷ ካልደወለች ሦስት አራት ሰዓት ጠብቁ። ደርሶ መልስ በረራው ብቻ ይህን ያህል ይፈጃልና። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ደጋግመው አስጽፈውኛል።

እጃችሁን ለማፍታታት አንድ መንገድ ልስጣችሁ፤ ከኢቃሉይት እስከ ሬዞሉት፣ ሁለቱም ኑናቩት ውስጥ። ኢቃሉይት 63.76 ሰሜን፣ 68.56 ምዕራብ ነው፤ የሬዞሉትን ከላይ አግኝታችኋል። ሁለቱም ምዕራብ ስለሆኑ ኬንትሮሳቸው ይቀነሳል፤ ማዕዘኑ 26.41 ዲግሪ ይሆናል። ወረቀታችሁ ላይ 14.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካገኛችሁ በትክክል ሠርታችኋል፤ 1,589 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሉል ስሌት 1,575። በሰዓት 500 የሚበር ባለ ፕሮፔለር ሳያቋርጥ ቢሄድ 3 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሬዞሉት በሰዓት አቆጣጠር ከኢቃሉይት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ በፈረንጁ አቆጣጠር ከጠዋቱ 9:00 የተነሳ መንገደኛ ሬዞሉት ሲደርስ የግድግዳው ሰዓት 11:40 ይላል።